የጎዳና ሳይክሌ 56 ነው፤ 56 ቁጥር የክሮኖ ሳይክል ብገዛ ልኬ አይደለም?

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ዕድሜዬ 41፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ78። ሯጭ ነበርኩ፤ ማለቴ የቅዳሜና እሁድ ሯጭ። ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ ወደ ሳይክል ዞርኩ። ከዚያ አንድ ጓደኛዬ ትራያትሎን አስለከፈኝ። ለመስከረም የግማሹን ርቀት ተመዝግቤያለሁ፤ 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ኪሎ ሜትር ሳይክል፣ 21.1 ኪሎ ሜትር ሩጫ።

አሁን የምነዳው ተራ የጎዳና ሳይክል ነው፤ ቁጥሩ 56። መሪው ላይ ኤሮ ባር ገጥሜበታለሁ፤ ያ ክርን አሳርፈው ተጎንብሰው የሚይዙት፣ ቀንድ የመሰለው ነገር። ዋሽንግተን ሄይንስ ፖይንት ላይ እዞርበታለሁ። አንዱ ዙር አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰባተኛው ዙር ላይ ማጅራቴ ድንጋይ ይሆናል። አሥረኛው ላይ ክርኔን አንስቼ እንደ ማንም ሰው ቀና ብዬ ነው የምነዳው።

አንድ ሰው ያገለገለ የካርቦን የክሮኖ ሳይክል፣ ማለትም ለብቻ ከሰዓት ጋር ለሚደረግ ሽቅድድም የተሠራ ሳይክል፣ በ1,900 ዶላር እየሸጠ ነው። እሱም 56 ቁጥር ነው። የኔም 56 ስለሆነ ልኩ ልኬ ነው፤ የቀረኝ ዋጋ መከራከር ብቻ ነው ብዬ አስባለሁ። ተሳስቻለሁ?

ምላሾቹ

ከላይ ያለውን የጻፍኩት ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። ክሩ 31 ምላሽ ደርሷል። አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉ ማንበቡ እየሰለቸው ያንኑ ጥያቄ ስለሚደግም፣ አወያዩ የተባለውን በራሴ ቃል እንዳወራው ጠየቀኝ። አዳልተሃል የሚል ካለ፣ አዎ አዳልቻለሁ። ማጅራቱ የኔ ነው።

ምላሽ 1 ጨዋ ነው። እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ተቀበለኝና ሳይክሉን ትቶ ስለ ውድድሩ ጠየቀኝ። መንገዱ ሜዳ ነው ወይስ ዳገት? መታጠፊያ ይበዛዋል? ሰው ጀርባ ተጠግቶ ከነፋስ መከለል ይፈቀዳል? በኦሎምፒክ እንደምናየው መጠጋት በሚፈቀድበት ውድድር የክሮኖ ሳይክል ይዘህ ብትመጣ አያስገቡህም። በአይረንማን ስም በሚካሄዱት ግን እንደኔ ያለው ተራ ተወዳዳሪ ከፊቱ ካለው ሰው 12 ሜትር መራቅ አለበት። ነፋሱን ለብቻህ ነው የምትጋፈጠው። የክሮኖ ሳይክል ዋጋ የሚያወጣው እዚያ ነው ባይ ነው።

ምላሽ 2 ከዱባይ ነው። አል ቁድራ በረሃ ውስጥ በተዘረጋው የሳይክል መንገድ ላይ፣ ሙቀቱን ሽሽት ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነዳ ልጅ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እንድገዛ መከረኝ። ምክንያቱንም በቁጥር አስቀመጠው። ከነፋስ ጋር የምታደርገው ትግል ፍጥነትህ ሲጨምር አብሮ እኩል አይጨምርም፤ ይብሳል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 33 ልንዳ ቢል ፍጥነቱ በአሥር በመቶ ነው የጨመረው፤ ነፋሱን ለመግፋት የሚፈልገው ጉልበት ግን በ33 በመቶ ያድጋል። ይህን ጉልበት ከልምምድ ብቻ አመጣዋለሁ ካልክ ዕድሜህ አይበቃም አለ። 41 ብዬ መጻፌን ያየ ይመስላል።

ምላሽ 3 እንኳን ደስ አለህ ይላል። ገና አልገዛሁም።

ምላሽ 4 ላይ ነው ነገሩ የተቃናው። ጸሐፊው መቀሌ ተወልዶ ያደገ የቀድሞ ተወዳዳሪ ነው፤ አሁን ጣሊያን ይኖራል። 56 የሚለው ቁጥር ምንም እንደማይነግረኝ ቁርጥ አድርጎ ጻፈ። አንዱ ፋብሪካ 56 የሚለው ሌላው 54 ሊለው ይችላል፤ የጎዳና 56 እና የክሮኖ 56 ደግሞ ጭራሽ አይተዋወቁም። መለካት ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። ፔዳሉ ከሚዞርበት መሀል ኩሽኔታ ተነስተህ መሪው የሚተከልበት የፍሬሙ ቱቦ አናት ድረስ ምን ያህል ወደ ላይ፣ ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚርቅ። የመጀመሪያው ስታክ፣ ሁለተኛው ሪች ይባላል። በክሮኖ ሳይክል ላይ ግን እነሱም መንገድ ላይ ያሉ ቁጥሮች ናቸው። መጨረሻው ክርን ነው። ክርንህ የሚያርፍበት ቦታ ከዚያው ኩሽኔታ ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ፣ ስንት ሴንቲ ሜትር ራቅ ይላል? ያንን ካወቅህ በኋላ ወደ ኋላ እየቆጠርክ ክርንህን እዚያ ሊያደርስልህ የሚችለውን ፍሬም ትፈልጋለህ። ሳይክሉን ከገዛህ በኋላ ክርንህን ማስገደድ ልክ ያልሆነ ጫማ ገዝቶ ጣት እንደማጠፍ ነው አለኝ።

ቀጥሎ የማጅራቴን ነገር አነሳ። ብዙ ሰው የሚሠራውን ስህተት ሠርቻለሁ። የጎዳና ሳይክል ላይ ኤሮ ባር ገጥሜ ኮርቻውን እንደነበረ ትቼዋለሁ። እንዲህ ሲሆን ወገብህ ኋላ ቀርቶ እጅህ ብቻ ወደ ፊት ይጎተታል። ጉልበትህ ሲነሳ ሆድህን ይመታል። ትንፋሽህ ያጥራል። ትክክለኛው አካሄድ መላ ሰውነትህን በዚያ ኩሽኔታ ዙሪያ ወደ ፊት ማዞር ነው፤ የሰዓት ዘንግ እንደሚዞር። ኮርቻው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ክርኑ ወደ ታች ይወርዳል፣ በጭንና በሆድ መካከል ያለው ክፍተት ግን እንደነበረ ይቆያል። የጎዳና ሳይክል የኮርቻ ቱቦ 73 ዲግሪ ገደማ የሚቆመው፣ የትራያትሎኑ ደግሞ ወደ 78 የሚጠጋው ለዚህ ነው። ጥቅሙ ሳይክሉ ላይ ብቻ አያበቃም፤ ተጨብጦ የነዳ ሰው ከሳይክል ወርዶ 21 ኪሎ ሜትር መሮጥ ይከብደዋል።

ምላሽ 5 የኔው ነው። አመስግኜ ፎቶ ለጠፍኩ። ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ ከጎን ያነሳችኝ ነው። ባልለጥፈው ይሻል ነበር።

ምላሽ 6 ከአዲስ አበባ ነው። ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር መግባቱን አይቶ፣ በሁለት እጁ ውኃ የሞላ ጀሪካን የተሸከመ ሰው እንደምመስል ጻፈ። ሳቅኩ፤ ግን እውነቱን ነው። የክርን ማሳረፊያዎቹ በጣም ዝቅ ብለው በጣም ርቀዋል። ክርኔ እንዳይንሸራተት ትከሻዬ ቀኑን ሙሉ ይዞኛል፤ መንገዱን ለማየት ደግሞ አንገቴን እንደ ኤሊ አወጣለሁ። ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ፣ አራት ሴንቲ ሜትር ወደኔ ቀረብ እንዳደርጋቸው መከረኝ። ዝቅ ማለት ሁልጊዜ ፍጥነት አይደለም። ነፋሱን በአብዛኛው የሚገታው ሰውዬው እንጂ ሳይክሉ አይደለም። ክርን ዝቅ ብሎ ጭንቅላት ከተነሣ ያው ሸራ ወጥረህ መንዳት ነው።

ምላሽ 7 ጋሼ ናቸው። እንዲህ የምንላቸው ከሁላችንም ስለሚበልጡ ነው። ድሬዳዋ በልጅነታቸው ማርሽ የሌለው ሳይክል በሰዓት እየተከራዩ እንደነዱ አወሩን። ከዚያ ወደ ቤልጂጋዊው ሳይክለኛ ኤዲ መርክስ ተሻገሩ። መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የነዳው ሜክሲኮ ሲቲ ሄዶ ነው። እዚያ ከፍታው ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሳይክሉን ብዙም አይዘውም። አዲስ አበባ ደግሞ ከሜክሲኮ ሲቲም ትበልጣለች። ታዲያ ይህን ሪከርድ የምንሰብረው እኛ ነበርን ማለታቸው ነው።

ምላሽ 8 በትህትና አረማቸው። ስስ አየር ሳይክሉን ቢለቀውም ሳንባን ይነፍጋል፤ ኦክስጅኑም አብሮ ነው የሚቀንሰው። በሂሳብ ሲተያይ ትርፉ ወደ ፍጥነቱ ያደላል፤ ጣሊያናዊው ሳይክለኛ ፍራንቼስኮ ሞዘርም እ.ኤ.አ. በ1984 እዚያው ሜክሲኮ ሄዶ 51.151 የነዳው ለዚህ ነው። ግን ትራኩ የት አለ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ለዚህ መልስ አልሰጡም።

ምላሽ 9 ሲመጣ ቤቱ ተቀየረ። ይሄ ሁሉ የሀብታም ጨዋታ ነው ብሎ ጀመረ። እግር ያለው ሰው በማንኛውም ሳይክል ያሸንፋል፤ እግር የሌለው ነው የፍሬም ዲግሪ የሚቆጥረው። የሀበሻ ልጅ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ማራቶን አሸንፎ ሳለ እኛ ስለ ክርን እንጨቃጨቃለን አለ። ለጋሼም መልስ ሲሰጥ አንተ ብሎ ጻፈ። ይሄኛውን ብዙ ሰው አልወደደለትም።

ምላሽ 10 የአሜሪካዊውን ሳይክለኛ የግሬግ ለሞንድን ታሪክ ይዞ ገባ። እ.ኤ.አ. 1989፣ የቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን፣ ከቬርሳይ ፓሪስ 24.5 ኪሎ ሜትር ክሮኖ። ለሞንድ ከሎረን ፊኞን በ50 ሰከንድ ወደ ኋላ ነበር። ከትራያትሎን የተወሰደ ኤሮ ባር ገጥሞ፣ ጀርባው የሾለ ሄልሜት አድርጎ ወጣ። ፊኞን በተራ መሪ፣ ያለ ሄልሜት፣ ጸጉሩን ኋላ አስሮ ነዳ። ለሞንድ 58 ሰከንድ ወሰደበትና ሦስት ሳምንት የፈጀውን ውድድር በ8 ሰከንድ አሸነፈ። የፊኞን እግር አንሶ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

ምላሽ 11 ሁለቱንም አረመቻቸው። ስቶክሆልም ያለች ነርስ ናት፤ ረጅሙን ርቀት ሁለት ጊዜ ጨርሳለች። ፊኞን በዚያ ቀን ኮርቻ ላይ መቀመጥ ያቃተው ሰው ነበር፤ መቀመጫው ላይ ቁስል ወጥቶበት ነበር። ስለዚህ 8 ሰከንዷን ሁሉ ለመሪው መስጠት አይቻልም። ከዚያ ወንዶቹ አፍረን ያላነሳነውን አነሳችው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከክሩ ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው። በጎዳና ሳይክል የምትቀመጠው በመቀመጫ አጥንትህ ላይ ነው። በክሮኖ ስትጎነበስ ዳሌህ ወደ ፊት ይንከባለልና ክብደትህ ወደ ፊተኛው፣ ወደ ለስላሳው ክፍል ይዞራል። ነርቩና የደም ሥሩ የሚያልፉት እዚያ ነው። መደንዘዝ ከጀመረህ ሰውነትህ ቁም እያለህ ነው፤ ይለመዳል ብለህ አትለፈው። ሴቶችም ላይ እብጠቱና ቁስሉ እንዲሁ ይመጣል፤ ለሐኪም እንኳን ለመናገር ይሽኮረመማሉ። እሷ መፍትሔ ያገኘችው አፍንጫው ለሁለት የተከፈለ አጭር ኮርቻ ላይ ነው፤ እሱንም አራት ኮርቻ ቀያይራ። መጀመሪያ ኮርቻውን እንዳስተካክል፣ ቁምጣዬን ያለ የውስጥ ሱሪ እንድለብስ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ስለ ፍሬም እንዳወራ አዘዘችኝ። ኮርቻ ያልተመቸው ሰው ወደ ኋላ ይሸሻል። ወደ ኋላ ሲሸሽ ክርኑ ይጎተታል። ክርኑ ሲጎተት ማጅራቱ ይደርቃል። ለካ የማጅራቴ ሕመም የሚጀምረው ከታች ነው!

ምላሽ 12 እና 13 የሉም። በዚህ ጉዳይ የቀለዱ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አወያዩ አጠፋቸው። ደግ አደረገ።

ምላሽ 14 የመቀሌው ልጅ ለ9 የሰጠው መልስ ነው። ተቆጥቷል። በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሰለፍ 13ኛው የውድድር ቀን ምን እንደነበር ታውቃለህ ብሎ ጠየቀው። 37.5 ኪሎ ሜትር ክሮኖ ነበር። ሆላንዳዊው ቶም ዱሙላን ያሸነፈበት ቀን ነው። ጽጋቡ በጎዳና ሳይክል ይውጣ ነበር? የኛ አገር ልጆች በየውድድሩ ክሮኖ ላይ የሚቀጡት እግር ስለሌላቸው ሳይሆን የክሮኖ ሳይክል ነክተው የማያውቁ ስለሚበዙ ነው አለ። ይሄ ነጥብ ልብ ይነካል። እሱ ራሱ የመጀመሪያ ውድድሩን የነዳው ከእሱ በአሥር ሴንቲ ሜትር ከሚረዝም ሰው በተዋሰው ሳይክል ነው።

ምላሽ 15፣ 9 ተመልሶ ሌላ ነገር አለ፤ አልደግመውም።

ከ16 እስከ 19 ክርክሩ ስለ ክራንክ ነው፤ ፔዳሉን ከኩሽኔታው ጋር የሚያገናኘው ክንድ። ዱባይ ያለው ልጅ ከ172.5 ሚሊ ሜትር ወደ 165 እንድወርድ ነገረኝ። ጋሼ አጭር ክንድ ጉልበት ያሳጣል ብለው ተቃወሙ፤ ረጅም ዘንግ የተሻለ ያነሳልና። የመቀሌው ልጅ በአክብሮት መለሰላቸው። እንደ እሱ አባባል ሳይክል ላይ ማርሽ ስላለ የጎደለውን በማርሽ ትተካዋለህ፤ ክንዱ ሲያጥር ግን ጉልበትህ ከላይ ሲደርስ ብዙ አይታጠፍም፤ ተጎንብሶ ለሚነዳ ሰው ያ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ሰምቼ ቀየርኩ። በሳምንቱ ጉልበቴ ፊት ለፊቱን ታመመና ተመልሼ አለቀስኩ። ኮርቻውን ከፍ አድርገሃል ብላ ነርሷ ጠየቀችኝ። አላደረግኩም። ክንዱ በ7.5 ሚሊ ሜትር ካጠረ ፔዳሉ ከታች ሲደርስ በዚያው ልክ ወደ ላይ ቀርቦሃል፤ ኮርቻው 7.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት ነበረበት። ቴፕ ሜትር ይዤ ወረድኩ። ሕመሙ በአራት ቀን ጠፋ።

ምላሽ 20 የኮርቻ አፍንጫ ከኩሽኔታው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ካልሆነ ከውድድር ትባረራለህ ብሎ አስደነገጠኝ። ምላሽ 21 አረጋጋኝ። ያ ለዓመታት የኖረ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የዩ.ሲ.አይ ደንብ ነበር፤ ትራያትሎን የራሱ ደንብ አለው። ከዚህ ተነስተው ወደ ግሬም ኦብሪ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ጠፋሁ። ስኮትላንዳዊው ኦብሪ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 ሃማር ኖርዌይ ላይ 51.596 ኪሎ ሜትር ነድቶ የሞዘርን ሪከርድ የሰበረው ራሱ በሠራው ሳይክል ነው። ኩሽኔታውን ያገኘው ከአሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው! እጁን ደረቱ ሥር አጥፎ ነበር የሚነዳው። ሳምንት ሳይሞላ ክሪስ ቦርድማን 52.270 ነድቶ ወሰደበት። በዓመቱ ያንን አነዳድ ማኅበሩ ከለከለው። ጋሼ ይህን ሲያነቡ የድሬዳዋ ጎሚስታ ቢሆን ኖሮ ይሸለም ነበር ብለው ጻፉ።

ምላሽ 22 ያገለገለ ካርቦን ስለመግዛት ነው፤ አጭርና ጠቃሚ። የኮርቻው ዘንግ የሚገባበትን ቦታ በባትሪ አብርተህ እይ። ብሎን ባለበት ሁሉ የጸጉር ያህል ስንጥቅ ፈልግ። በሳንቲም ቀስ ብለህ አንኳኳ፤ ጥርት ያለው ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ከደፈነ ተው። ዘንጉ ተነቃንቆ ይወጣ እንደሆነ ሞክር። መሪውና ማሳረፊያው ለዚያ ሳይክል ብቻ የተሠራ ከሆነ መለዋወጫው ዛሬም እንደሚገኝ አጣራ። ብሎን የምታጠብቀው ደግሞ መጠኑን በሚያሳይ ቁልፍ ነው። ብዙዎቹ ላይ 5 ኒውተን ሜትር ተጽፏል፤ በስሜት ያጠበቀ ሰው ካርቦን ይሰብራል። ጸሐፊው ሁለት ሰብሯል።

23፣ 24 እና 25 ሳይክል በአውሮፕላን ስለመጫን ናቸው። ለሌላ ክር ይሁኑ።

ምላሽ 26 ላይ 9 ይቅርታ ጠየቀ። መጀመሪያ ጋሼን፣ ቀጥሎ ሁላችንንም። እሱም ለካ ሦስት ዓመት ቆጥቦ የክሮኖ ሳይክል ገዝቶ፣ ልኩ አልሆን ብሎት በግማሽ ዋጋ ሸጦት ነው። ስንት ቁጥር ነበር ብሎ 6 ጠየቀው። 56 አለ።

ምላሽ 27 እና 28 ሳቅ ናቸው።

ምላሽ 29 የኔ ነው። ልኬት የሚይዝ ባለሙያ ጋ ሄጄ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየሁ። ሰውዬው ቁመቱና ርዝመቱ የሚቀያየር የመለኪያ ሳይክል ላይ አስቀመጠኝ። መጀመሪያ ኮርቻ፣ ቀጥሎ የኮርቻ ከፍታ፣ መጨረሻ ክርን። አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ባደረገ ቁጥር አሥር ደቂቃ ያስነዳኛል፤ ትከሻዬ ሲነሳ ካየ ይመልሰዋል። ዝም ብዬ ስነዳ ድንገት ክርኔ ላይ ምንም ክብደት የሌለ መሰለኝ። አንገቴን ለቀቅኩት። ሰውዬው እዚያ ላይ ቆመና ለካ። ከኩሽኔታው 64 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ 46 ወደ ፊት። የሚሸጠው ሳይክል ማሳረፊያው ወደኋላ እስከመጨረሻ ቢሳብ እንኳን ከ50 በታች አይመጣም። ለ1,900 ዶላር ሌላ ጀሪካን ልሸከም ነበር።

ሌላ ፋብሪካ የሠራው 54 ቁጥር አገኘሁ። ዕድሜው ስድስት ዓመት ነው፤ ቀለሙን አልወደድኩትም። ባለፈው እሁድ አሥራ ሁለት ዙር ነዳሁ። ክርኔን ያነሳሁት ውኃ ለመጠጣት ብቻ ነው።

ምላሽ 30 ነርሷ ናት፤ ኮርቻውስ ብላ ጠየቀች። ሁለተኛው ላይ ነኝ።

ምላሽ 31 አዲስ አባል ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ88፣ የጎዳና ሳይክሉ 58። ያ 56 ቁጥር እስካሁን ካልተሸጠ የሻጩን ስልክ እንድልክለት ጠየቀ። መጀመሪያ ክርንህ ስንት ላይ ነው የሚያርፈው አልኩት። እስካሁን አልመለሰም።